«አጀሉ ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት



ኳስ የምትከታተሉ ኤሚሊያኖ ሳላን ታስታውሱታላችሁ። የ28 ዓመቱ አርጀንቲናዊ አጥቂ ከፈረንሳዩ ናንት ወደ ካርዲፍ ሲቲ ተዛውሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ማታ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ የግል አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ አዲሱ ክለቡ ሲሄድ አውሮፕላኑ ገርንዚ ደሴት አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወደቀ። እሱም አብራሪውም ሕይወታቸው አለፈ።

እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን «አጀሉ ነው፣ ቀደር ነው» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ አጀል በአላህ እጅ ነው። ግን ምርመራው ያገኘውን እንመልከት።

የሳላ ደም ሲመረመር ከሄሞግሎቢኑ 58 በመቶው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ተገኘ። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። በብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች የተሳፋሪው ክፍል የሚሞቀው በሞተሩ የጭስ ማውጫ ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው። ስለዚህ ቱቦው ከተሰነጠቀ መርዙ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። መርማሪዎቹ ጋዙ የመጣው ከዚያው ከጭስ ማውጫው ሳይሆን እንዳልቀረ፣ አብራሪውም ሳይመረዝ እንዳልቀረ ደምድመዋል። ጋዙ ሲገባ ጮኾ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አልነበረም።

ይህ ብቻ አይደለም። አብራሪው በክፍያ ሰው ለማጓጓዝም ሆነ በሌሊት ለማብረር ፈቃድ አልነበረውም። የአውሮፕላኑ ባለቤት «ይህ ሰው ዳግም እንዳያበር» ብላ አስቀድማ ተናግራ ነበር። በረራውን ያመቻቸው ሰው በ2021 የአውሮፕላንን ደኅንነት አደጋ ላይ በመጣል ጥፋተኛ ተብሎ 18 ወር ተፈርዶበታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሞት በቀደር ከሆነ ሰው ለምን ይጠየቃል?

መልሱን ከሱረቱ-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ እናገኛለን። ሙእሚንን በስህተት የገደለ ሰው፣ ምንም እንኳ አስቦ ባያደርገውም፣ ለቤተሰቡ የደም ካሳ፣ በራሱም ላይ ከፋራ አለበት። ቀደር ተጠያቂነትን የሚሰርዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሕግ ባልመጣ ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ማስተማራቸውን አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። ሟቹ በአጀሉ ሞተ፤ ቸልተኛው ግን ስለ ቸልተኝነቱ ይጠየቃል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ወንድሜ፣ እህቴ! ሳላ የጭስ ማውጫውን ማየት አይችልም ነበር።  ተሳፋሪ የሚያደርገውን አደረገ፦ ነፍሱን በአብራሪው እጅ ትቶ ተቀመጠ። አማና ማለት ይህ ነው፤ ራሱ ማጣራት የማይችል ሰው ነፍሱን በአንተ እጅ ሲያስቀምጥ።

አንተ ጋራዥ የምትሠራ ከሆነ፣ ፍሬኑን ሳታይ «ታይቷል» ብለህ አትፈርም። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የምትነዳ ከሆነ፣ ጎማው ማለቁን እያወቅክ «አላህ ያውቃል» ብለህ አትውጣ። ያ ተወኩል አይደለም፤ ተወኩል ግመሏን ካሰሩ በኋላ ነው። አንቺ ፋርማሲ የምትሠሪ ከሆነ፣ ያላነበብሽውን የሐኪም ትእዛዝ በግምት አትስጪ። የማታውቁትን ሥራ «አውቃለሁ» ብላችሁ አትቀበሉ። «ይህ ነገር ልክ አይደለም» የሚል ሰው ሲመጣም አትናቁት፤ ምናልባት የአላህ እዝነት በእሱ አንደበት የመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከሶላት ስትመለሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ሰው አምኗችሁ የተወላችሁን፣ እናንተ ግን «ነገ አየዋለሁ» እያላችሁ ያቆያችሁትን ሥራ ዛሬውኑ ተመልከቱት።

ያ አላህ! አማናን ከሚጠብቁት አድርገን። በእጃችን ምክንያት የሰው ነፍስ ከመጥፋት ጠብቀን። አሚን።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማውረድ እንዳትረሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!