ቆዳ ሲቆጣ፦ የእሬትና የአጃ ነገር



በካኩማ ሐሩርና አቧራ ቆዳው ያልተቆጣ ሰው ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ የክርኑን እጥፋት እስኪደማ እያከከ ክፍል ይገባ ነበር። እናቱ የእሬት ቅጠል ቆርጣ ከነቢጫ ፈሳሹ ቀባችው። ልጁ ሲያቃጥለው ሲያለቅስ አደረ። በማግሥቱም «መምህር፣ እሬት መድኃኒት አይደለም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። የዛሬው ትምህርት ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ሀ. መቆጣት ምንድን ነው?

ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ በ1ኛው መቶ ዘመን አራት ምልክቶችን ጽፏል፤ እነርሱም መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥና ሕመም ናቸው። የቆዳ ሕዋሳት ሲጎዱ ኬሚካላዊ መልእክት ይልካሉ። በዚህ ጊዜ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፤ ፈሳሽ ስለሚወጣም ያብጣል። መልእክቱ እንዲሠራ ከሚያዝዙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 የታወቀው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በደህናው ጊዜ በሌላ ፕሮቲን ታስሮ ይቀመጣል። ሕዋሱ ሲጎዳ ግን ተፈትቶ ወደ ኒውክለስ ይገባል።

ለ. አጃ

አጃን ለአራስ በሚሠራው አጥሚት እናውቀዋለን። በውስጡ አቬናንትራማይድ የሚባሉ ውህዶች አሉ። እነዚህ በላቦራቶሪ በሰው የቆዳ ሕዋሳት ላይ ሲሞከሩ ያ እስር እንዳይፈታ ረድተዋል፤ የቁጣው መልእክትም ቀንሷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 የላመ የአጃ ዱቄትን ቆዳን ከሚጠብቁ ነገሮች መድቦታል።

ሐ. እሬት

በአንድ ቅጠል ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ አሎይን ይዟል፤ ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል፣ ቢጠጣም ሆድን በኃይል ያስቀምጣል። መሐል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ግን ቆዳን ያቀዘቅዛል፣ ያረጥባል። እንግዲህ የእናቲቱ ስሕተት ዕፁን መምረጧ ሳይሆን ክፍሉን አለመለየቷ ነበር። ደግሞም የእሬት ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ከሜዳ ያገኙትን ሁሉ መቀባት አይገባም።

መ. ጥንቃቄ

በላቦራቶሪ ሳህን ያለ ሕዋስ ጥፍር የለውም፣ አቧራም አይነካውም። ስለዚህ እዚያ የሠራ ሁሉ በልጅ ክንድ ላይ እንደዚያው ይሠራል ማለት አይደለም። አጃን ለመሞከር አንድ እፍኝ የላመና የተነፋ ዱቄት ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ነክሮም ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ለ10 ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ከዚያ አለቅልቆ፣ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ይገባል። አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ይሞከር፤ ከባሰ ይቁም።

መግል፣ ትኩሳት ወይም ቃጠሎ ካለ ወደ ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል። ማሳከኩ ሌሊት ሌሊት እየባሰ የቤቱን ሰው ሁሉ ከያዘ እከክ ሊሆን ይችላል። እከክን አጃም እሬትም አያድኑትም፤ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ መታከም አለበት።

ያ ተማሪ ክሊኒክ ሄዶ ቅባት ተሰጠው። ዛሬ ክንዱን ዘርግቶ ይጽፋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. አራቱ የመቆጣት ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
2. የእሬትን ሁለት ክፍሎች ለዩ።
3. በላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት ብቻውን ለምን አይበቃም?