በሰው ቤት ሆኖ መጸለይ

የሚነበብ ክፍል፦ ማቴ. 6፥5-8



ጀህራ የምትሠራ አንዲት እህታችን ስልክ ደውላ፣ «ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ከመጣሁ ስምንት ወር አለፈኝ። እዚህ ቤት በስሜም አይጠሩኝም፣ ሌላ ስም አወጡልኝ። አሁንስ ክርስቲያን ነኝ ለማለት እያፈርኩ ነው» አለችን። ይህ ጥያቄ የእርሷ ብቻ ስላልሆነ የዛሬውን ትምህርት በዚሁ ላይ አድርገናል።

1. እንግዳው ዲያቆን

እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ማርቲን ሉተር ወደሚኖርበት ወደ ጀርመን ከተማ ወደ ቪተንበርግ ሄደ። አንድ ወር ያህል ቆየ። በዚያ ከተማ የአገሩ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ በግዕዝ የሚቀድስም አልነበረም። ሉተርና ጓደኛው ሜላንክቶን ስለ ቅድስት ሥላሴና ስለ ሌሎችም የእምነት ነገሮች ከእርሱ ጋር ተነጋገሩ። ሚካኤልም የሚያምነውን መለሰላቸው። ሊሄድ ሲል ሉተር ሐምሌ 4 ቀን 1534 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። በደብዳቤውም ሥርዓታቸው ቢለያይም በእምነት አንድ እንደሆኑ መሰከረለት።

እህቶቼ፣ ሚካኤል ከአገሩ ሕንጻውን ተሸክሞ አልሄደም፤ በልቡ ያለውን ይዞ ሄደ። ስለ እምነቱ ሲጠየቅም የሚመልሰው ነበረው። እናንተም በሌላ ስም ብትጠሩ፣ እግዚአብሔር የሚያውቃችሁ ሰዎች ባወጡላችሁ ስም አይደለም (ኢሳ. 43፥1)።

2. ፀጉር አስተካካዩ

ሚካኤል ከሄደ በኋላ በ1535 ሉተር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈላት ለንጉሥ ወይም ለምሁር አልነበረም፤ እንዴት ልጸልይ ብሎ ለጠየቀው ለፀጉር አስተካካዩ ለጴጥሮስ ነበር። ጴጥሮስ እንደ እኛ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ነበር። ሉተርም ከሥራው ምሳሌ ሰጠው፦ ምላጭ የያዘ ሰው ሐሳቡ ከተበተነ የሰው ፊት ይቆርጣል፤ ጸሎትም እንዲሁ ሙሉ ልብ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ መጅቡስ ጥደን ልባችን ሌላ ቦታ ሲሄድ ሩዙ እንደሚያር እናውቃለን።

ከዚያ በፊት በ1529 ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም ደግሞ የቤቱ ጌታ ልጆቹንና አገልጋዮቹን ጠዋትና ማታ እንዲጸልዩ እንዲያስተምር አዝዞ ነበር። ጠዋት ስትነሡ አማትቡ፣ ጸሎተ ሃይማኖትና አባታችን ሆይ በሉ፣ ከዚያ በደስታ ወደ ሥራ ሂዱ፤ ማታም ጸልያችሁ በሰላም ተኙ ይላል። ማማተብ የኦርቶዶክስ ብቻ የሚመስላችሁ እህቶች ይህን ልብ በሉ። እናንተን የሚያስተምር የቤት ጌታ ባይኖርም ትእዛዙ ለአገልጋዮችም እንደነበረ አትርሱ።

3. አራቱ ክሮች

ሉተር ጴጥሮስን ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱን ወስዶ በአራት ክር እንዲጎነጉነው አስተማረው፦ ትምህርት፣ ምስጋና፣ ንስሐ፣ ልመና። ወላጆችን ስለ ማክበር የሚናገረውን ትእዛዝ እንውሰድ።

ትምህርት፦ እናትና አባቴን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው።
ምስጋና፦ የላክሁት ገንዘብ ስለ ደረሳቸው፣ በሕይወት ስላሉ አመሰግናለሁ።
ንስሐ፦ ባለፈው በስልክ የተቆጣኋቸውን ይቅር በለኝ።
ልመና፦ በጤና አገናኘን።

አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጽሐፍ አያስፈልግም፣ ድምፅም አያስፈልግም። ልብስ እየተኮሳችሁ ሳይሆን ከመተኛታችሁ በፊት ብቻችሁን ስትሆኑ አድርጉት። «ትንሽ ቆይቼ» ማለት ግን ጸሎትን ያስቀራል፤ ሉተርም ጴጥሮስን ከዚሁ እንዲጠነቀቅ መክሮታል።

4. ይህንንም እወቁ

ብቻን መጸለይ ጉባኤን አይተካም (ዕብ. 10፥25)። ደግሞም ጸልዩ ማለታችን ግፍን ዝም ብላችሁ ተሸከሙ ማለት አይደለም። በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይፈቅድላችኋል። ይህን ማወቅና በትሕትና መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ፈርዖንን «ሕዝቤን ልቀቅ፣ ያገለግለኝ ዘንድ» ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው።

ጀህራ ላለችው እህታችን የመለስንላት ይህንኑ ነው። ስምንት ወር ባትመጪም ክርስቲያን ነሽ። ዛሬ ማታ ከአንዱ ትእዛዝ ጀምሪ፤ ዓርብ ስለ መምጣትሽም ማዳምን በእርጋታ ጠይቂያት። እኛም በጸሎት እናስብሻለን።

ለመወያያ
ሀ. በቀን ውስጥ ብቻችሁን የምትሆኑበት አምስት ደቂቃ መቼ ነው?
ለ. እንደ ሚካኤል ስለ እምነታችሁ ብትጠየቁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ምን ትመልሳላችሁ?
ሐ. መምጣት ያልቻለች እህት ታውቃላችሁ? በዚህ ሳምንት ማን ይደውልላት?