ድሀ ማን ነው? እርዳታስ ለማን ይገባል?



ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሳሳን የራሳችን ስሕተት ነው። በአንድ የመስቀል ሰሞን እኛ የሆሳዕና ወጣቶች ለችግረኞች የሚሆን እህልና ጥቂት ገንዘብ ከየቤቱ ሰበሰብን። የተሰበሰበው ለሁሉ የሚበቃ ስላልነበረ፣ ማን እንደሚያገኝ ለመወሰን ተቀምጠን ስም ጻፍን። መመዘኛችን ቀላል ነበር። የሣር ቤት ያለው፣ ልብሱ ያረጀ፣ እጁን ለልመና የዘረጋ ድሀ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ያለው ግን ድሀ አይደለም አልን። ከተጠሩት ስሞች አንዱ ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት ስም ነበር። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፤ ልጃቸውም ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ከመካከላችን አንዱ «እርሳቸው ደግሞ ምን ጎደላቸው?» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ ስማቸውም ተሰረዘ።

ከበዓሉ በኋላ በሌላ ጉዳይ ወደ ቤታቸው ሄድን። በጓሮአቸው የደረሰ እንሰት አልነበረም። የደረሰው ካለቀ በኋላ ያልደረሰውን እየቆረጡ መብላት ጀምረዋል። ልጃቸው ለመንገድ የተበደረውን ዕዳ የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸው፤ የልጁም ወሬ ከጠፋ ቆይቷል። «እማማ፣ ለምን አልነገሩንም?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ቆርቆሮ ቤት ተቀምጬ ምን ብዬ ልለምን?» አሉን። አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።

እንግዲህ ለመሆኑ ድሀ የምንለው ማንን ነው? እርዳታስ በቅድሚያ ለማን ይገባል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በየተራ እንመልከት።

1ኛ/ ድህነት በምን ይለካል?

ድህነትን በቁጥር ለመለካት ከደከሙት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሲቦም ራውንትሪ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ዮርክ በምትባለው ከተማ የሠራተኞችን ኑሮ በየቤቱ አስጠና። ለአንድ ቤተ ሰብ ጤንነት የሚበቃው ምግብ፣ ልብስና የቤት ኪራይ ስንት እንደሚያወጣ አሰላ። ገቢያቸው ከዚያ በታች የሆኑት ሰዎች አንዲት ሳንቲም ሳያባክኑ ቢኖሩ እንኳ እንደማይበቃቸው አሳየ። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው «ድሀ የደኸየው በመጠጥና በስንፍና ነው» ይል ነበርና፣ ይህ ጥናት ትልቅ መልስ ሆነ።

የአገራችንም የድህነት መስመር የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ያስፈልገዋል ተብሎ ዋጋው ይሰላል፤ ለልብስ፣ ለመጠለያና ለመሳሰለው የሚሆን ይጨመርበታል። በ1988 ዓ.ም. መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,075 ብር ነበር፤ ከሕዝቡም 45.5 በመቶው ከዚያ በታች ይኖር ነበር። በ2008 ዓ.ም. መስመሩ 7,184 ብር ሲደርስ ከመስመሩ በታች ያለው ሕዝብ 23.5 በመቶ ሆነ። 7,184 ብር ለ365 ቀን ቢካፈል በቀን 20 ብር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከመስመሩ በላይ ነው የተባለ ሰው ሁሉ ደልቶታል ማለት አይደለም።

ሆድን መሙላት ብቻውንም መለኪያ አይሆንም። የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የበፍታ ሸሚዝ ለመኖር የግድ ባያስፈልግም በእርሱ ዘመን የቀን ሠራተኛ ያለዚያ ሸሚዝ ሰው ፊት መቅረብ ያፍር እንደ ነበረ ጽፏል። በእኛ አገር ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመስቀል ጊዜ ከጎረቤት ጋር በቅርጫ መግባት ያቃተው አባወራ ስጋ በማጣቱ አይሞትም። ነገር ግን ከሰው ተራ የወጣ ይመስለዋል። የእድር መዋጮ አጥቶ ከለቅሶ ቤት የሚቀረውም እንዲሁ ነው። ድህነት ከማዕድ መጉደል አልፎ ከማኅበር መጉደልም ነውና ልብ እንበል።

2ኛ/ ለምለም አገር፣ ባዶ ማዕድ

በ2000 ዓ.ም. በሐዲያ፣ በከምባታ፣ በወላይታና በሲዳማ የደረሰውን ችግር ብዙዎች «አረንጓዴ ረሃብ» ብለውታል። የበልግ ዝናብ ቀርቶ ሰው በችግር ወራት የሚደገፍበት ስኳር ድንች ጠፋ፤ የእህል ዋጋም ናረ። ዝናቡ ዘግይቶ በመጣ ጊዜ ማሳው ለመለመ፤ በቆሎው ግን ገና አላፈራም ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አገሩን አይቶ «እዚህ ረሃብ የለም» ሊል ይችል ነበር፤ በቤት ውስጥ ግን ሕፃናት በምግብ እጥረት ሰውነታቸው አብጦ ነበር።

ምክንያቱ የአንድ ዓመት ዝናብ ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ፣ ያን ጊዜ ከምባታ ጠምባሮ ይባል በነበረው ዞን በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነውና፣ ገደሉና መንገዱ ሳይቀነስ እንኳ 5 ነፍስ ላለው ቤተ ሰብ አንድ ሄክታር አይደርሰውም።

በእኛ አገር እንሰት እንደ ባንክ ነው። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በተፈለገ ጊዜ ይቆረጣል። እንሰት ያለ ፍግ አይጠነክርም፤ ፍግ ደግሞ ያለ ከብት አይገኝም። ስለዚህ ክፉ ቀን ሲመጣ ላሟን የሸጠ ሰው ከወተቱ ጋር የነገውን እንሰት አብሮ ሸጧል ማለት ነው። ያልደረሰ እንሰት የሚቆርጥም የሚመጣውን ዓመት ቆጮ ዛሬ መብላቱ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የገባበት ጓሮ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ጥፋት ባዶ ይቀራል።

እንግዲህ ለእኛ የሚስማማው ፍቺ ይህ ይመስለናል። ድሀ ማለት ክፉ ቀን ሲመጣ የነገውን ሳይበላ ዛሬን ማለፍ የማይችል ነው። ቆርቆሮው ትናንት የነበረውን ያሳየናል፤ የነገውን የሚያሳየን ጓሮው፣ በረቱና ዕዳው ነው።

3ኛ/ እርዳታ ለማን?

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ይህ ጥያቄ በየቀበሌው ተነሣ። ፕሮግራሙ በሐዲያና በከምባታ ወረዳዎችም ገብቷል። ዋናው መመዘኛ ቤተ ሰቡ በተከታታይ 3 ዓመታት፣ በየዓመቱ 3 ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የምግብ ጉድለት የደረሰበት መሆኑ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃልና፣ ምርጫው ከማኅበረሰቡ በተውጣጣ ኮሚቴ እንዲደረግ ተደረገ። ጉልበት ያለው በእርከን፣ በመንገድና በውሃ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። ጉልበት የሌለው፣ ማለትም ጧሪ የሌለው ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛና ሕመምተኛ፣ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ያርፋሉ።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ ግን በኮታው ነው። ለአንድ ቀበሌ የተፈቀደው ቁጥር ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስ ኮሚቴው ድሀን ከድሀ ለመለየት ይገደዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንዳንድ ቦታ የመጣውን ለብዙ ቤት ከፋፈሉት። ይህ ለጊዜው ቅሬታን ያበርዳል፤ ሆኖም ለአንዱም የማይበቃ ድርሻ ላሟን ከመሸጥ አያድናትም። ስለዚህ «ለሁሉ እኩል» ማለት ሁልጊዜ ፍትሕ አይሆንም።

ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ ምግብ ሲታደል ተረሱ። ሐዋርያት ቅሬታ ያቀረቡትን አልገሠጹም፤ ይልቁንም የታመኑ 7 ሰዎች ተመርጠው ሥራውን እንዲይዙ አደረጉ። በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ደግሞ መዝገብ እናገኛለን። ልጅ ወይም ዘመድ ያላትን መበለት ቤተ ሰቧ እንዲረዳት፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በእውነት ብቻዋን የቀረችውን እንድትረዳ ታዟል። ከዚህ የምንማረው፣ መለየት ራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ነው። ስሕተቱ ሳያውቁ መለየት፣ የተረሳው ሲጮኽም አለመስማት ነው።

4ኛ/ «ሰነፍ ስለ ሆነ ነው» ስለሚባለው

ብዙ ጊዜ «እርዳታ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ጉልበት እያለው ሥራ የሚሸሽ ሰው አለ፤ መጽሐፍም በ2ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 3 እንዲህ ያለውን ይገሥጻል። ነገር ግን ተግሣጹ የሚመለከተው መሥራት የማይወደውን እንጂ ሥራ ያጣውን ወይም መሥራት ያልቻለውን አይደለም። በሩብ ሄክታር መሬት ላይ ከንጋት እስከ ምሽት የሚቆፍር ሰው ሰነፍ አይባልም። አባት ቢሰንፍስ ልጁ ለምን ይራብ?

ሌላም ወጥመድ አለ። እኛ ወጣቶች ጸባዩን ለምንወደው፣ ለሚያመሰግነንና በጉባኤ ለምናየው ሰው ማዳላት ይቀናናል። እርዳታ ግን ለመልካም ጸባይ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። መለኪያው ችግሩ ይሁን።

5ኛ/ እኛስ ምን እናድርግ?

ሀ/ ስም ከመጻፋችን በፊት ቤት ለቤት እንሂድ። ባለፈው ዓመት ስንት ወር ከገበያ እህል ገዝተው እንደ በሉ፣ ምን እንደ ሸጡ፣ ዕዳ እንዳለባቸው በትሕትና እንጠይቅ።

ለ/ «ልጁ ውጭ አገር ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን ስም አያሰርዝ። ልጁ ገንዘብ ይልክ እንደ ሆነ ወይስ ቤተ ሰቡ ዕዳውን እየከፈለ እንደ ሆነ እንወቅ።

ሐ/ ከዝርዝሩ የቀረ ሰው የሚናገርበት፣ ስሙን ካጻፈው ሌላ የሆነ ሰው እንመድብ።

መ/ የምንሰጠውን በአደባባይ አናስታውቅ። ማፈር ራሱ የድህነት ሸክም ነውና በሸክሙ ላይ አንጨምርበት።

እኚያን እናት በሚቀጥለው ዙር ረዳናቸው። ይሁን እንጂ በመካከሉ የተቆረጠው እንሰት አልተመለሰም። ሳናውቅ የሰረዝነው ስም በሰው ጓሮ ላይ ይህን ያህል ጉዳት ያደርሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ድሀ ሆኖ ድሀ የማይመስል ማን ዓይነት ሰው ነው? (ስም ሳትጠሩ ተወያዩ።)
2. 10 ኩንታል እህል ቢኖራችሁና ችግረኛው 40 ቤተ ሰብ ቢሆን፣ ለሁሉ እኩል ታካፍላላችሁ ወይስ ትመርጣላችሁ? ለምን?
3. የሐዋርያት ሥራ 6ን አንብቡ። በእኛ ማኅበር የተረሳ ሰው ቅሬታውን ለማን ይናገራል?