የቡሬን በርበሬ ከዘመዶቹ ጋር መመደብ

የሕያዋን ምደባ ዋናው ጥቅም ያላየነውን ከምናየው ተነስተን ለመገመት ማስቻሉ ነው። ይህን ለመፈተን ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ የበርበሬ ማሳ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያሻም። አበባና እንጭጭ ፍሬ አንድ ላይ የያዘ የበርበሬ ቅርንጫፍ ይቁረጡ፤ ከድንች፣ ከቲማቲምና ከማሳው ዳር ካለው እምቧይም እንዲሁ። አራቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ከቅጠሉ በፊት አበባውን ይመርምሩ፤ ቅጠል በጥላና በውሃ ብዛት መልኩን ይለዋውጣል፣ የአበባ አሠራር ግን ለዚህ እምብዛም አይበገርም። ከሥራቸው የተያያዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት የሆኑ የአበባ ቅጠሎች ያገኛሉ። ፍሬውን አግድም ሲቆርጡት ደግሞ ጠፍጣፋ ዘሮች ታጭቀውበታል። አራቱም ሶላናሴ የሚባለው አስተኔ (ቤተሰብ) አባላት ናቸው። ከአስተኔው በላይ ያሉት ክፍለ መደብ፣ መደብ፣ ክፍለ ስፍንና ስፍን ለሁሉም አንድ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ ጊዜ አያጥፉ።

ወደ ወገን ለመውረድ በአበባው መሐል ያሉትን የአበባ ዱቄት ያዢዎች ይመልከቱ። በድንች፣ በቲማቲምና በእምቧይ ተጠጋግተውና ሾጥጠው ይቆማሉ፤ በበርበሬ ግን ተራርቀው ይታያሉ። ሦስቱ ሶላነም፣ በርበሬው ካፕሲከም ወገን ውስጥ የሚገቡት እንዲህ ባሉ ልዩነቶች ነው። የፍሬን ክብነት ወይም አጠቃቀምን ብቻ ይዞ መመደብ የእምቧይ ካብ ነው። ድንችና ስኳር ድንች ሁለቱም ከመሬት ቢቆፈሩም የመጀመሪያው ያበጠ ግንድ፣ ሁለተኛው ያበጠ ሥር ነው፤ አስተኔያቸውም ይለያያል። ከበርበሬ ጋር የሚደለዘው ኮረሪማም ዘመዱ ዝንጅብል እንጂ በርበሬ አይደለም።

ገበሬው እህል፣ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህል፣ አረም ብሎ መለየቱ ይበቃዋል የሚል ይኖራል። ለጎተራና ለገበያ በእርግጥ ይበቃል። ለበሽታ ግን አይበቃም፦ በአፈር ውስጥ የሚቆየው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ድንችን፣ ቲማቲምንና በርበሬን በአንድነት ያጠቃል። ድንቹ የጠወለገበት ማሳ ላይ በርበሬ ከመትከል በቆሎ ወይም ዳጉሳ መዝራት የሚመከረው ሁለቱ ከሣር አስተኔ ስለሆኑ ነው። ዝምድና ግን ሁሉን አይናገርም። መርዛማው አስተናግርም የበርበሬ ዘመድ ነውና ለመለየት ብለው ምንም አይቅመሱ፤ እጅዎንም ይታጠቡ።

ሳይንሱ ራሱ ስም ይለዋውጣል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። የዕፅዋት ምደባ ሊቁ ሊኒየስ በ1753 ቲማቲምን ሶላነም ውስጥ አስገባው፤ ሌሎች ለብቻው ወገን ሰጡት፤ በዘመናችን የዲኤንኤ ጥናት ወደ ሶላነም መለሰው (የዘመን ቁጥሩ እንደ አውሮፓውያን ነው)። በዚህ ሁሉ ክርክር ግን ከአስተኔው አልወጣም፤ ለማሳው የሚጠቅመው ትንበያም የቆመው በአስተኔው ላይ ነው።

ያላወቁት ተክል ሲገጥምዎ አበባና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ዘርግተው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ እንዳይሻግት ጋዜጣውን በየቀኑ ይለውጡ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የአካባቢውን ስምና ሲደርቅ የሚጠፋውን የአበባ ቀለም በወረቀት ይጻፉ። የደረቀውን ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከተቀመጡት ወይም ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ከታተሙት ስምንት ቅጾች ጋር ማመሳከር ይቻላል። ዝርያው ካልተገኘ በግምት ስም አይስጡት፤ «ሶላነም፣ ዝርያው ያልተለየ» ብለው ይተዉት።