አባን የሌለው ገበያ

የሚስቴ አክስት ጀልዴሳ ይኖራሉ። ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ስኳር፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። ሰው በቀላሉ አያምኑም። ከድሬ የተጫነላቸውን ስኳር በራሳቸው ሚዛን ደግመው ሳይመዝኑ ለባለመኪናው ሰባራ ሳንቲም አይከፍሉም። እኚህ ሴት ናቸው መልኩን አይተው ለማያውቁት ሰው 3,500 ብር የላኩት።

ነገሩ የመጣው ከሙቀቱ ነው። ድሬዳዋ ይሞቃል የሚል ሰው ጀልዴሳ አንድ ሌሊት ይደር። ልጃቸው ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ማስታወቂያ አሳያቸው፦ «ተንቀሳቃሽ ኤሲ! በሞባይል ቻርጀር የሚሠራ! ክፍልዎን በ5 ደቂቃ ያቀዘቅዛል! 3,000 ብር ብቻ፣ የቀረን ጥቂት ፍሬ ነው!» ከሥሩ የደንበኞች ምስጋና ተደርድሯል። «ደርሶኛል፣ አላህ ይስጣችሁ።» «እናቴ መርቃችኋለች።» «ለእህቴም አንድ ላኩልኝ።» አክስታችን አንድ በአንድ አስነበቡና «ይሄ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ይዋሻል እንዴ?» አሉ።

ግማሹን ቀብድ ላኩ፣ 1,500። በማግስቱ «ዕቃው አውቶቡስ ላይ ተጭኗል፣ ቀሪውን ያስገቡ» ተባሉ፤ አስገቡ። በሦስተኛው ቀን የመጋዘን ተብሎ 500 ተጠየቁ፤ ያንንም ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም፣ ቴሌግራሙም ብሎክ ነው።

ዕቃው ቢመጣላቸው ኖሮም ኤሲ አይሆንም ነበር። ኤሲ ኮምፕረሰር አለው፤ ከክፍሉ የለቀመውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣበት ቱቦ ወይም ከግድግዳው ውጭ የሚሰቀል አካል አለው። ሙቀቱን የሚጥልበት የሌለው ሳጥን ክፍል አያበርድም። በሞባይል ቻርጀር የሚሠራው ውሃ የሚጨመርበት ማራገቢያ ነው፤ አጠገቡ ከተቀመጣችሁ ፊታችሁ ላይ ይነፍሳል፣ በቃ።

እኔን የቆጨኝ ይህ የደረሰው ጀልዴሳ ላይ መሆኑ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ዕቃ በጀልዴሳ ያልፍ ነበር። የግመሉ ሸክም እዚያ ይራገፋል፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ከዚያ ተራራውን ለመውጣት በአህያና በበቅሎ ይጫናል። ያኔ ነጋዴ የሰው አገር የሚያቋርጠው በሶማሌዎች ልማድ አባን ይዞ ነው። አባን መንገድ መሪም፣ አስተርጓሚም፣ ደላላም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ዋስ ነው። በእንግዳው ንብረት የመጣ በአባኑ ክብር መጣ። እንግዳውን ራሱ የሚግጥ አባን አልነበረም አልልም። ቢሆንም ቤቱ ይታወቃል፣ ጎሳው ይታወቃል፣ የሚከሰስበት ሽማግሌ አለ። የዛሬው የስልክ ገበያ ይሄ ሰው ነው የጎደለው። በእሱ ቦታ ያስቀመጥነው አስተያየትን ነው።

አስተያየት ደግሞ ይገዛል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ10,000 በላይ የፌስቡክ ቡድኖችን የሚመሩ ሰዎችን ፍርድ ቤት የገተረው፣ ገንዘብና ነጻ ዕቃ እየሰጡ የሐሰት ምስጋና ያስጽፋሉ ብሎ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት አስተያየት መግዛትንም መሸጥንም የሚከለክል ደንብ አውጥታለች። የእኛ ሰፈር አጭበርባሪ ግን ያን ያህል ወጪ እንኳ የለበትም፤ ሁለት ስልክ ይበቃዋል። በአንዱ «ደርሶኛል» ብሎ ይጽፋል፣ በሌላው ተቀብሎ ስክሪንሾት ያነሳል።

አክስታችን የተበሉበትን ቻናል አንድ ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለን መረመርነው። አባላቱ ብዙ ሺህ ናቸው፤ አንዱን ማስታወቂያ ያየው ሰው ግን አራት መቶ አይሞላም። የተገዛ አባል ዓይን የለውም። አስተያየት መጻፊያው ተዘግቷል፤ የሚታየው ባለቤቱ የለጠፈው ስክሪንሾት ብቻ ነው። ስክሪንሾቶቹን አጉልተን ስናያቸው፣ ከተለያየ ከተማ በተለያየ ወር ጻፉ በተባሉት በአምስቱም ደንበኞች ስክሪንሾት ላይ፣ ከላይ ጥግ ያለው ባትሪ 23 በመቶ ነው። ሰዓቱም በአንድ ደቂቃ ቢለያይ ነው። ልጁ ሳቀ፤ እናቱ አልሳቁም።

ለዘመድ ለጎረቤት የማዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ አባን ፈልጉ። ሻጩ ባለበት ከተማ የምታውቁትን አንድ ሰው፣ የአጎት ልጅም ይሁን የዕድር ዘመድ ወይም ሹፌር፣ ሱቁ በር ላይ አቁሙ። ገና ብር ከመላካችሁ በፊት ለሻጩ «ሰው ልላክ፣ አይቶ ይክፈል» በሉት። እውነተኛ ነጋዴ «ይምጣ» ይላል። ሌባው «እኛ የምንሠራው ኦንላይን ብቻ ነው» ይላችኋል፤ ወይም ይቆጣል። ይህች አንዲት ጥያቄ ካነበብኳቸው ምክሮች ሁሉ ትበልጣለች ባይ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አሳፍራኝም አታውቅም።

አክስታችን በመጨረሻ የጠረጴዛ ማራገቢያ የገዙት እንዲሁ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ድሬ ታይዋን ገበያ ገባ፣ ማራገቢያውን ሱቁ ውስጥ አሰካና ስልኩን አስጠግቶ ሲዞር ድምፁን አሰማቸው። «አሁን ሦስተኛው ላይ አድርገው» አሉት፤ አደረገው። «እስቲ አንገቱን አዙረው»፤ አዞረው። ባለሱቁ እየሳቀ ጠበቀ። ለረዳቱ 100 ብር ሰጡት። 100 ብር ለዋስ ውድ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አክስታችን ያለ ዋስ ስንት እንደከፈሉ ከላይ ጽፌያለሁ።

አባን ጨርሶ ከታጣ ዕቃው እጃችሁ ሳይገባ አትክፈሉ። የግድ መላክ ካለባችሁም፣ ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የሚያሳያችሁን የተቀባይ ስም አንብቡ፤ የድርጅት ስም እየጠራ በግለሰብ ሒሳብ የሚቀበልን ሰው ተጠራጠሩ። የዕቃውን ፎቶ ጎግል ላይ ፈልጉት።

የሐሰት ምስጋና የሚጽፉትን ወጣቶች ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ዲግሪውን ይዞ ከበርጫ በርጫ የሚዞር ልጅ ለአንድ አስተያየት የሞባይል ካርድ እንሰጥሃለን ሲሉት ይጽፋል። እኛስ? ያረረ ሩዝ የበላንበትን ሠርግ «እጃችሁ ይባረክ» ብለን የምንወጣ፣ የዘመድ ልጅ የከፈተውን ሱቅ ሳናየው «በጣም አሪፍ ነው» ብለን የምናጋራ ሰዎች አይደለንም? የሐሰት ምስጋናን ይሉኝታ ብለን ያሳደግነው እኛው ነን፤ አጭበርባሪው ዋጋ አወጣለት እንጂ አልፈጠረውም።

ከዚህ የከፋው ግን ዝምታችን ነው። አክስታችን ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። «ሱቅ ይዛ ተበላች» መባልን ፈሩ። በኋላ አንድ ሠርግ ቤት ሴቶቹ ሙቀቱን ሲያማርሩ አንዷ «ኤሲ አዝዤ ነበር» ብላ ጀመረች። ሁለተኛዋ ቀና አለች። አክስታችን ሦስተኛ ሆኑ። አንድ ቻናል፣ አንድ መንደር፣ ሦስት ሴት! የመጀመሪያዋ የተበላችው ከአክስታችን ሦስት ሳምንት ቀድማ ነው፤ ቤቷ ደግሞ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው፤ ስኳር የምትገዛውም ከዚያው። አቦ፣ አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?

ስለዚህ የተበላችሁ ተናገሩ፤ ለጎረቤት በስም፣ ለፖሊስ በማስረጃ። የላካችሁበትን ደረሰኝ፣ የስልክ ቁጥሩንና የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። በኮምፒውተር አማካኝነት ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። ሦስቱ ሴቶች አንድ ላይ ሄደው አመልክተዋል። ብራቸው እስካሁን አልተመለሰም።

ቻናሉ ግን አልተዘጋም። ይህን ምዕራፍ ስጨርስ ገብቼ አየሁት፤ ስሙን ቀይሮ የሶላር ፍሪጅ ይሸጣል። ምስጋናዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ባትሪው አሁንም 23 በመቶ ነው።