የስንዴ ልኬት በሥዕል ሲመረመር፤ ስለ ነጥቦች ክምርና ስለ ዘር ስም የተሰጠ ትምህርት

ከየወረዳው የሚላክ የእህል ቍጥር በመዝገብ ተደርድሮ ብቻ ሲታይ ዓይንን ያደክማል እንጂ ነገሩን አይገልጥም። ያው ቍጥር በሥዕል ሲወጣ ግን፤ የሚመሳሰለው ከሚመሳሰለው ጋራ ተጠግቶ እንደ አውድማ ክምር ይታያል። ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሊጠይቁት የሚገባው፤ ይህ ክምር እኛ ከሰጠነው ስም፤ ይኸውም ከዘሩ ዓይነት ወይም ከአፈሩ ጋራ ይስማማልን? የሚለውን ነው።

ለምሳሌ የሚሆነን በፖላንድ አገር በሉብሊን የተደረገው የስንዴ ምርመራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በወጣው ጥናት፤ ካማ፣ ሮዛና ካናዳዊ ከተባሉት 3 ዘሮች ከእያንዳንዳቸው 70፤ በጠቅላላው 210 ፍሬ በራጅ ጨረር ተነሥቶ 7 ዓይነት ልኬት ተመዘገበ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በወረቀት ላይ አንድ አግድምና አንድ ቁም መስመር ይሰመር። በአግድሙ የፍሬው ስፋት፤ በቁሙ በፍሬው ሆድ ያለው ስንጥቅ ርዝመት ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱም ፍሬ አንድ ነጥብ ይደረግ። አስቀድሞ ነጥቡ ሁሉ በአንድ ቀለም ይሁን፤ ስሙን ቀድሞ ያወቀ ዓይን የፈለገውን ክምር ያያልና። ክምሮቹ በእርሳስ ከተከበቡ በኋላ ለየዘሩ የተለየ ቀለም ይሰጥ።

በዚህ ጊዜ ሮዛ በአማካይ ወደ 18 ሚሊሜትር ካሬ ስፋትና ወደ 6 ሚሊሜትር ስንጥቅ ይዞ ለብቻው ይቆማል። ካማና ካናዳዊ ግን ስንጥቃቸው ሁለቱም ወደ 5 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፤ ስንጥቁን ብቻ የለካ ሰው አንድ ዘር ናቸው ይላል። የሚለያቸው ስፋታቸው ነው፤ ካማ ወደ 14፤ ካናዳዊ ወደ 12 ይደርሳል። በድንበራቸው ላይ ግን ጥቂት ፍሬዎች ይደባለቃሉ።

ከዚያም ክምሩ በቁም፤ የዘሩ ስም በአግድም የተጻፈበት ሰንጠረዥ ተሠርቶ በየቤቱ ያለው ፍሬ ይቈጠር። ከአንዱ ክምር አብዛኛው የአንድ ዘር ከሆነ ስምምነት አለ። እኩል ከተደባለቀ ግን፤ ወይ ልኬቱ ዘሩን አይለይም፤ ወይ ስሙ በስሕተት ተጽፏል።

ሆኖም ስምምነት ምክንያት አይደለም። አንዱ ዘር በለም መሬት ብቻ፤ ሌላው በጭንጫ ተዘርቶ እንደ ሆነ፤ ልዩነቱ የዘሩ ይሁን የመሬቱ ሥዕሉ ብቻውን አይፈርድም። ስለዚህ ያው ሥዕል በአፈር ዓይነት ቀለም ተለውጦ ዳግመኛ ይታይ።

ዘር ለገበሬ የሚታደለው በጆንያው ላይ በተጻፈው ስም ታምኖ ነው። ስሙና ፍሬው ሳይስማሙ ቢቀሩ፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በገበሬው ጎተራ ነው። ስለዚህ ከማደል በፊት ከየጆንያው በዕጣ ፍሬ አውጥቶ ማስለካትና በሥዕል መመርመር ከሹም የሚጠበቅ ጥንቃቄ ነው።