ለቃለ መጠይቅ እንዴት እንዘጋጅ?

ሥራ ፍለጋ ሲረዝም ከሰው ኪስ ይልቅ ልቡን ይጎዳል። በሮቤና በጎባ የምንኖር ሰዎች ይህን በልጆቻችንና በታናናሾቻችን ፊት ላይ እናነበዋለን። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የባሌ ልጅ ከደጁ ሳይርቅ ዲግሪ ለመያዝ በቅቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ይሁንና ይህን ሁሉ አልፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የሚቆመው ወጣት ብዙ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ያልተሳካለት ደግሞ «ያለ ዘመድ ሥራ የለም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

አድልዎ የለም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን አድልዎን ማስቀረት በአመልካቹ እጅ ባይሆንም ዝግጅቱ በእጁ ነው። በትክክል በሚፈተንበት ቦታ ሳይዘጋጅ ቀርቦ ቢወድቅ ማንን ሊወቅስ ነው?

ለመሆኑ ልጆቻችን የሚደናቀፉት በምንድን ነው? እኔ እንደታዘብኩት ዋናው ምክንያት የዕውቀት ማነስ ሳይሆን ስለ ራስ መናገር አለመቻል ነው። «ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል ስሙንና የተመረቀበትን ዓመት ተናግሮ ዝም ይላል። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነውና። አስተዳደጉ መልካም ነው፤ ግን ራስን ማሞገስና የሠሩትን በእውነት መመስከር አንድ አይደሉም። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በንጉሡ ፊት ቀርበው በግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾሙ ሲጠይቁ ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ገልጸው አልነበረምን? ይህ ኩራት አልነበረም፤ የረሃብ ዘመን ለሚጠብቀው ሕዝብ የሚጠቅም ችሎታ ነበር።

እንግዲህ ዝግጅቱን በሦስት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፣ የሥራ ማስታወቂያውን በጥሞና አንብቦ ለተዘረዘረው ለእያንዳንዱ ተግባር ከራስ ሕይወት አንድ ማስረጃ መፈለግ ነው። «ልምድ የለኝም» የሚለው የሲናና ወይም የአጋርፋ ገበሬ ልጅ በገናና በቦና ወቅት ከአባቱ ጋር ስንዴ የዘራ፣ ከኮምባይነር ባለቤት ጋር ዋጋ የተደራደረ ነው። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ሲያጠፋ በልጅነቱ ያየ የግብርና ተመራቂ፣ ያየውን ከተማረው ጋር አያይዞ አንድን ዝርያ ብቻ መዝራት ለምን እንደሚያሰጋ ቢያስረዳ ፈታኞቹ ያዳምጡታል። በእናቷ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ስትይዝ ያደገች የጎባ ልጅም ለሒሳብ ሥራ ስትወዳደር የምትናገረው አላት።

ሁለተኛ፣ ድምፅ አውጥቶ መለማመድ ነው። በልብ የታሰበ መልስ ከአፍ ሲወጣ ይበታተናል። በተለይ ቋንቋውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፤ በግል ድርጅት ደግሞ እንግሊዝኛ ሊጨመርበት ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ታሪክ በየቋንቋው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለጓደኛ መንገር፣ ጓደኛም «በምን አወቅህ? ውጤቱስ ምን ሆነ?» እያለ እንዲያፋጥጥ ማድረግ ይገባል። የተጠራነው አዲስ አበባ ከሆነ 430 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነውና ቢያንስ በዋዜማው መድረስ የዝግጅቱ አካል ነው።

ሦስተኛ፣ አለመዋሸት ነው። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ዛሬ ቢያሳልፍ ነገ ያሳፍራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አዲሱን ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሞክረው እንደሚችል ይፈቅዳል። በእነዚህ ቀናት ውሸት አይደበቅም። «ይህን አልሠራሁም፤ የሚቀርበውን ግን ሠርቻለሁ» ማለት የሚያስከብር መልስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ላይሳካ ይችላል። ያን ጊዜ የተጠየቃችሁትን ጥያቄ በዚያው ቀን ማታ ጻፉት፤ ያልመለሳችሁትን ለይታችሁ አጥኑት። እንዲህ ከተደረገ የወደቃችሁበት ቃለ መጠይቅ ለቀጣዩ መማሪያ ይሆናል።

እኛ ወላጆችና ታላላቆችም «እስካሁን ሥራ አላገኘህም?» ማለቱን ትተን፣ አንድ ምሽት ቁጭ ብለን እንደ ፈታኝ ብንጠይቃቸው የተሻለ እንረዳቸዋለን። ሲሳይ የአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ነው።